ከሞት የተረፉት አባት መቆም ለምን አቃታቸው?



ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ጎረቤትና ዘመድ የሕመም ጉዳይ ሲገጥመው እኔ ጋ ብቅ ማለቱን አልተወም። ደጋግሞ የሚመጣልኝ አንድ ጥያቄ አለ። አባት ወይም እናት በጠና ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ይገባሉ። ሁለት ሦስት ሳምንት በመሣሪያ እየተነፈሱ ይቆዩና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይተርፋሉ። ሐኪሙም «ሳንባቸው ተሽሎታል፣ ኩላሊታቸውም እየሠራ ነው፣ ቤት ወስዳችሁ አስታሟቸው» ብሎ ያሰናብታቸዋል። ቤት ሲደርሱ ግን ከአልጋ ወርደው መቆም ያቅታቸዋል። ማንኪያ ወደ አፋቸው ሲያነሡ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ልጆች ግራ ይጋባሉ። «ሲስተር፣ ድነዋል ተብለን ነበር እኮ፤ ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ከዚያ ግምቱ ይጀምራል። አንዱ «መድኃኒቱ ነው ያደከማቸው» ይላል። ሌላዋ «አባባ ልባቸው ተሰብሯል፣ መኖር ሰልችቷቸዋል» ትላለች። «እርጅና ነው፣ ምን ይደረጋል?» የሚልም፣ «ዓይን ነው» የሚልም አይጠፋም። አንዳንዱ ደግሞ ይቆጣል፤ «ይሞክሩ እንጂ አባባ፣ ምነው ሰነፉ!» ይላል። ይሄ የመጨረሻው በጣም ያሳዝነኛል። ሰውየው አልሰነፉም። የሚያቆማቸው ጡንቻ አልጋ ላይ ሳሉ አልቆ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ጉዳይ እናውጋ። ጡንቻ በጽኑ ሕመም ጊዜ ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ሐኪሞች ይህን በምስል እንዴት እንዳዩት፣ ምስሉ የማይችለው ምን እንደሆነ፣ ከዚያም እኛ ቤተሰቦች ምን ማድረግ እንደምንችል በየተራ እንይ።

ምሰሶውን ነቅሎ ማገዶ

በጤናማ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ከክብደቱ 40 በመቶ የሚሆነው ጡንቻ ነው። ጡንቻ የሚያራምደንና ዕቃ የሚያሸክመን ብቻ አይደለም፤ የሰውነት ትልቁ የፕሮቲን ጎተራም ነው። ሰው በከባድ ኢንፌክሽን፣ በከባድ አደጋ ወይም በትልቅ ቀዶ ሕክምና ሲጎዳ ሰውነቱ ለመከላከያና ለቁስል መጠገኛ የሚሆን ፕሮቲን በብዛት ይፈልጋል። በዚያ ሰዓት የሚበላው ምግብ አይበቃውም፤ ጨርሶ የማይበላም አለ። ስለዚህ ሰውነት ከጎተራው ያወጣል። ጎተራው ደግሞ ጡንቻው ራሱ ነው። ብርድ የጠናበት ሰው እንጨት ሲያልቅበት የቤቱን ምሰሶ እየነቀለ እንደሚማግደው ነው። ለዚያች ሌሊት ይሞቀዋል፤ ቤቱ ግን ይዘማል።

በዚህ ላይ መተኛቱ አለ። የማይሠራ ጡንቻ ይቀንሳል፤ እጁ ተሰብሮ ጀሶ የታሰረለትን ልጅ ያየ ሁሉ ያውቀዋል። ጀሶው ሲፈታ ያ እጅ ከሌላው ቀጥኖ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት ይህን በአረጋውያን ላይ በደንብ አሳይቷል። ዕድሜያቸው በአማካይ 67 የሆነ፣ ምንም ሕመም የሌለባቸው 11 ሰዎች ለ10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደረገ። ምግባቸው አልተጓደለም። ሆኖም በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ሥጋ ብቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ አጡ። እነዚህ እንግዲህ ጤነኞች ናቸው። ትኩሳት፣ ኢንፌክሽንና የማስተኛ መድኃኒት ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን አስቡት።

ፊታቸው ሞላ፣ እግራቸው ግን ቀጠነ

«ይህን ያህል ሥጋ ሲሄድ እንዴት ሰው አያይም?» ትሉ ይሆናል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ግን ዓይን ይሸወዳል። የታማሚው ደም ግፊት እንዳይወርድ በደም ሥር ብዙ ሊትር ፈሳሽ ይሰጣል። ኩላሊት ሲደክም ያ ፈሳሽ ከቆዳ ሥር ይጠራቀማል። ፊት ይሞላል፣ እጅ ያብጣል፣ ሚዛኑም ክብደት ጨመረ ይላል። በሥራ ላይ በነበርኩባቸው ዓመታት ጠያቂ ገብቶ «ተመስገን፣ ፊታቸው ሞላ፣ ወፈሩ እኮ!» ሲል ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ያ ውፍረት ውኃ ነው። ከሥሩ ጡንቻው እየሟሸሸ ነው። ፈሳሹ በሽንት ወጥቶ ሲያልቅ የእግራቸው ቅጥነት ድንገት ይታይና ቤተሰቡ ይደነግጣል። ነገሩ ግን ያን ቀን አልተጀመረም።

ጉልበትን በእጅ መፈተኛ የታወቀ መንገድ አለ። ነርሷ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ታማሚውን «እጄን ግፋ፣ እግርህን አንሣ» እያሉ በሁለቱም ጎን በጠቅላላው 12 የጡንቻ ክፍሎችን ይፈትናሉ። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣል፤ ሙሉው 60 ነው። ከ48 በታች ከሆነ በጽኑ ሕሙማን ክፍል የመጣ የጡንቻ ድካም አለ ይባላል። ጥሩ ፈተና ነው፤ ወጪም የለውም። ችግሩ ታማሚው ነቅቶ መስማትና መታዘዝ አለበት። የማስተኛ መድኃኒት የተሰጠው፣ በአፉ ቱቦ የገባለት ሰው «እግርህን አንሣ» ቢባል አይሰማም። ጡንቻው በብዛት የሚሄደው ደግሞ በነዚያው ባልነቃባቸው ቀናት ነው።

ሐኪሞች ወደ ምስል የዞሩት በዚህ ምክንያት ነው።

በእርግዝና የምናውቀው መሣሪያ

አልትራሳውንድን የማታውቅ እናት ዛሬ ጥቂት ናት። ሆድ ላይ ቀዝቃዛ ጄል ይቀቡና ትንሽዬዋን መሣሪያ ሲያንሸራትቱባት የፅንሱ ምስል ስክሪን ላይ ይመጣል። ያው መሣሪያ ታፋ ላይም ይሠራል። ጨረር የለውም፣ አያምም፣ በጎማ እየተገፋ እስከ አልጋው ድረስ ይመጣል። በቱቦና በሽቦ የታሰረን ታማሚ ከቦታው ማንቀሳቀስ አያስፈልግም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ታማሚው በጀርባው ተኝቶ እግሩ ይዘረጋል። ከዳሌ አጥንት የፊት ጫፍ እስከ ጉልበት ሎሚ ያለው ርቀት በሜትር ይለካና ከላይ ወደ ታች ሁለት ሦስተኛው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረጋል። ምልክቱ ያስፈለገው በሚቀጥለው ቀን እዚያው ቦታ ላይ ለመለካት ነው። ጄሉ በዛ ተደርጎ ይቀባል፤ መሣሪያው ቆዳውን ሳይጫን ይነካዋል። ከተጫነ ጡንቻው ይጨፈለቅና ከእውነቱ የቀጠነ ይመስላል።

ስክሪኑ ላይ ከታች የጭን አጥንት እንደ ደማቅ ነጭ ቅስት ይታያል። ከእርሱ በላይ ያለው ጠቆር ያለ ነገር፣ በመሐሉ ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ያሉበት፣ ጡንቻው ነው። ውፍረቱ በሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ በካሬ ሴንቲ ሜትር ይለካል። መጠኑ ብቻ አይደለም፤ ቀለሙም ይናገራል። ጤናማ ጡንቻ ጠቆር ይላል። ጡንቻው ሲጎዳ፣ ውኃ ሲገባበት ወይም ቦታውን ቅባትና ጠባሳ ሲተካው ምስሉ እየነጣ ይሄዳል።

በዚህ መንገድ ከተሠሩት ሥራዎች በጣም የሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው የእንግሊዝ አገር ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በሁለት ሆስፒታሎች ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገቡ 63 ሰዎችን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታፋቸውን በአልትራሳውንድ እየለኩ ተከታተሉ። በ10ኛው ቀን የታፋው የፊት ጡንቻ ስፋት በአማካይ በ17.7 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ይህም ከስድስት እጅ አንዱ በላይ ነው፤ በ10 ቀን! ሕመሙ በከበደ ቁጥር ጥፋቱም ከፍቷል። አንድ የሰውነት ክፍላቸው ብቻ በደከመባቸው ሕሙማን በ7ኛው ቀን የቀነሰው 3 በመቶ ነበር። ሳንባም ኩላሊትም ሌላም አብሮ በደከመባቸው ግን 15.7 በመቶ ሄዷል።

ከዚህ ጥናት ለቤተሰብ የሚጠቅመው ትልቁ ነገር ጊዜው ነው። ጡንቻው የሚያልቀው «ብዙ ወር ተኝተው» አይደለም። በመጀመሪያው ሳምንት፣ ቤተሰቡ ገና በሕይወት ይተርፉ ይሆን ወይ እያለ በሚጨነቅበት ሰዓት ነው።

«ለምን ከመሣሪያው አያላቅቋቸውም?»

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ወደ አገራችን ከገባ ወዲህ ቬንትሌተር የሚለው ቃል በየቤቱ ይታወቃል። ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ ከሚጠይቃቸው ጥያቄዎች አንዱ «ሳንባቸው ተሽሏል ካላችሁ ለምን አታላቅቋቸውም?» የሚለው ነው። መልሱ ብዙ ጊዜ ከጡንቻ ጋር የተያያዘ ነው።

የምንተነፍሰው በሳንባ ብቻ አይደለም። ደረትንና ሆድን የሚለይ ድያፍራም የሚባል ስስ ጡንቻ አለ፤ እርሱ ወደ ታች ሲወርድ አየር ይገባል። ሌት ተቀን የሚሠራ፣ ዕረፍት የማያውቅ ጡንቻ ነው። መሣሪያው ሙሉ በሙሉ ሲተነፍስለት ግን ሥራ ያቆማል፤ ሥራ ሲያቆም ይሳሳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የአሜሪካ ጥናት አንጎላቸው ሞቶ አካላቸውን ለሌላ ሰው የለገሱ 14 ሰዎችን ድያፍራም መርምሮ ነበር። በመሣሪያ የተነፈሱት ከ18 እስከ 69 ሰዓት ብቻ ነው። የጡንቻቸው ክሮች ግን መሣሪያ ላይ የቆዩት 2 ወይም 3 ሰዓት ብቻ ከነበሩ ሰዎች ክሮች ከግማሽ በታች ሆነው ተገኙ።

ዛሬ ይህን ጡንቻ በቀኝ ጎን፣ በጎድን አጥንቶች መሐል አልትራሳውንድ አስቀምጦ ውፍረቱንና ሲተነፍሱ መወፈሩን ማየት ይቻላል። ስለዚህ ሐኪሙ ትንሽ በትንሽ እያለማመደ፣ አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት፣ ሌላ ቀን ሁለት ሰዓት እያለ ቢያላቅቃቸው ቸልተኝነት አይምሰላችሁ። የደከመ ጡንቻ እያለማመዱት ነው።

ሲቲ ስካን የሚያየው ስንቅ

ሲቲ ስካንም ጡንቻን ያሳያል። ይህ ግን ለጡንቻ ብሎ የሚነሣ አይደለም፤ ጨረር አለው፣ ታማሚውንም ወደ ሌላ ክፍል መውሰድ ይጠይቃል። ለሆድ ሕመም ወይም ለአደጋ ተብሎ አስቀድሞ ከተነሣ ግን፣ ሐኪሙ በሦስተኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት ትይዩ ያለውን አንዷን ቁራጭ ምስል ወስዶ በዙሪያው ያለውን ጡንቻ ሊለካ ይችላል። ያች አንዲት ቁራጭ የመላ ሰውነቱን ጡንቻ መጠን በጥሩ ሁኔታ ትገምታለች። ኤም አር አይ የበለጠ አጥርቶ ያሳያል፤ ነገር ግን ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ብረት ነክ መሣሪያም አብሮ አይገባም፤ በቬንትሌተር ላለ ሰው አመቺ አይደለም።

ሲቲ ስካን ያሳየን ነገር በተለይ እኛን በዕድሜ የገፋነውን ይመለከተናል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት፣ ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲገቡ ቀድሞውኑ ጡንቻቸው አነስተኛ የነበረ ሕሙማን ብዙ ጡንቻ ከነበራቸው ይልቅ በሕይወት የመውጣት ዕድላቸው ዝቅ ያለ ነበር። ጡንቻ የክፉ ቀን ስንቅ ነው ማለት ነው። ዛሬ ጤነኛ ሆነን የምንራመደው፣ ዕቃ የምናነሣው፣ ደረጃ የምንወጣው ለዛሬ ብቻ አይደለም።

ምስሉ መድኃኒት አይደለም

እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን። ጡንቻውን ማየት ማዳን አይደለም። አንድ መርፌ ወይም አንድ ክኒን ተሰጥቶ ይህን ጥፋት የሚያቆም ነገር እስካሁን የለም። «ጡንቻ የሚመልስ ቪታሚን» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ገንዘባችሁን ያዙ።

ልኬቱም ጉድለት አለው። ሁለት ባለሙያዎች ሲለኩ ሁለት ዓይነት ቁጥር ሊመጣ ይችላል። ጡንቻው ራሱ ውኃ ከያዘ ወፍሮ ይታያል። «ከዚህ ቁጥር በታች ከሆነ ታሟል» የሚባል፣ ሁሉም የተስማማበት ወሰን የለም። ጥቅሙ ሰውየውን ከራሱ ጋር ማወዳደሩ ነው፤ የዛሬውን ከትናንትናው፣ ይህን ሳምንት ካለፈው። በየሆስፒታሉም ይሠራል ማለት አይደለም፤ መሣሪያው ቢኖር እንኳ ወረፋው የነፍሰ ጡሮችና የሆድ ሕሙማን ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ይዛችሁ «የአባታችን ታፋ ለምን አልተነሣም?» ብላችሁ ሐኪም እንድትሞግቱ አልመክርም። ምስሉ ያስተማረንን ማወቁ ይበቃል።

ሕክምናውስ? እ.ኤ.አ. በ2009 በአሜሪካ 104 በመሣሪያ የሚተነፍሱ ሕሙማን ላይ የተሠራ ጥናት ነበር። ግማሾቹ የማስተኛው መድኃኒት በየቀኑ ለጊዜው ሲቋረጥላቸው ገና ከመጀመሪያው ቀናት ጀምሮ እንዲንቀሳቀሱ፣ እንዲቀመጡ፣ ሲችሉም እንዲቆሙ ተረዱ። ከሆስፒታል ሲወጡ ከነርሱ 59 በመቶ ራሳቸውን ችለው መልበስ፣ መታጠብና መራመድ ቻሉ፤ ከሌሎቹ ግን 35 በመቶ ብቻ። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው በግድም ቢሆን እናስነሣቸው» የሚል አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውና ከ6 አገሮች 750 ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት ለዚህ መልስ አለው። ከተለመደው በላይ ጠንከር ተደርጎ እንዲንቀሳቀሱ የተደረጉት ከሌሎቹ የተሻለ ጥቅም አላገኙም፤ የልብ ምትና የደም ግፊት መዛባት የመሰለ ችግር ግን በዛባቸው። ምግቡም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣና ከ1,300 በላይ ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት ፕሮቲን ከመጠን በላይ መጨመሩ ፈጥነው እንዲወጡ አላደረገም፤ ኩላሊታቸው በተጎዳባቸው ላይ እንዲያውም ጉዳት ሊኖረው እንደሚችል ታየ።

እንግዲህ «አትንኳቸው፣ ይረፉ» ማለት ትክክል አይደለም፤ ማስገደድም ትክክል አይደለም። በመጠኑ፣ በጊዜው፣ ባለሙያ ባለበት ነው።

ሆስፒታል ሳሉ ቤተሰብ የሚችለው

ብዙ ቤተሰብ «እኛ ምን እናውቃለን?» ብሎ በር ላይ ይቀመጣል። እናንተ የምታውቁት ሐኪሙ የማያውቀው ነገር ግን አለ። ከመታመማቸው በፊት እንዴት ነበሩ? ገበያ ብቻቸውን ይሄዱ ነበር ወይስ በከዘራ? በቅርቡ ከስተው ነበር? ጠያቂ ሳይመጣ በፊት ይህን ለነርሷ ንገሩ፤ ወደየት ሊመልሷቸው እንደሚሞክሩ ያውቃሉ።

ጥያቄም ጠይቁ። «የማስተኛው መድኃኒት ዛሬ ተቀንሷል? አልጋው ላይ ቀና ብለው መቀመጥ የሚችሉት መቼ ነው? ፊዚዮቴራፒስት ያያቸዋል? እግራቸውን ልናንቀሳቅስላቸው እንችላለን? እንዴት?» ከተፈቀደላችሁ ቁርጭምጭሚታቸውን፣ ጉልበታቸውን፣ ጣታቸውን ነርሷ እንዳሳየቻችሁ ቀስ ብላችሁ አጥፉ፣ ዘርጉ። ሳይፈቀድ ግን አትንኩ፤ ከታፋ ሥር የገባ ቱቦ ሊኖር ይችላል። መነጽራቸውንና ጥርሳቸውን አምጡላቸው። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን እንደመጣ በስማቸው እየጠራችሁ ንገሯቸው። የነቃና ግራ ያልተጋባ ሰው ቶሎ ይንቀሳቀሳል።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ቱቦው ከጉሮሯቸው እንደወጣ «ትንሽ አጥሚት ይቅመሱ» ወይም «ጸበል ይጠጡ» የሚል ዘመድ አይጠፋም። በቅንነት ነው። ግን የመዋጫ ጡንቻም እንደ ታፋ ጡንቻ ይደክማል። የጠጡት ወደ ሳንባ ቢገባ እንደገና ወደ መሣሪያው ሊመልሳቸው ይችላል። ማንኛውንም ነገር በአፋቸው ከመስጠታችሁ በፊት ነርሷን ጠይቁ። ጸበሉን እስከዚያ በግንባራቸው ቀቡላቸው።

ቤት ከገቡ በኋላ

በመጀመሪያ ጊዜውን እወቁት። እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ የካናዳ ጥናት ሳንባቸው ክፉኛ ተጎድቶ የተረፉ 109 ሰዎችን ተከታትለዋል። ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲወጡ በአማካይ ከክብደታቸው 18 በመቶ አጥተው ነበር። ከአንድ ዓመት በኋላ ሳንባቸው በአብዛኛው ተሽሎት ነበር፤ በ6 ደቂቃ የሚራመዱት ርቀት ግን ከሚጠበቀው 66 በመቶ ብቻ ነበር። ምክንያቱ በዋናነት የጡንቻ ድካም ነው። እነዚህ አብዛኞቹ ገና በጉልምስና ያሉ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ አባታችሁ በሁለት ሳምንት ካልተነሡ አትቆጡ፤ ተስፋም አትቁረጡ። የሚለካው በወር ነው።

መቀመጫውን አስተካክሉ። ዱካና በርጩማ ለደከመ ታፋ ጠላት ነው፤ ከእርሱ መነሣት ከባድ ነው። ከፍ ያለ፣ መደገፊያና የእጅ ማሳረፊያ ያለው ወንበር ስጧቸው። መጸዳጃው የሚቀመጡበት ካልሆነ በላዩ የሚቀመጥ መሐሉ ክፍት ወንበር አናጢ ሊሠራ ይችላል። የሚያንሸራትት ምንጣፍ አንሡ። ሌሊት ወደ መጸዳጃ ሲሄዱ መብራትና ሰው ይኑር። የወደቀ ደካማ ሰው ዳሌው ተሰብሮ እንደገና አልጋ ላይ ይውላል።

እንቅስቃሴው ቀላል ይሁን፣ በየቀኑ ይሁን። መጀመሪያ አልጋ ጫፍ ላይ እግር አንጠልጥሎ መቀመጥ፤ ሲለምዱት ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፤ ከዚያ በክፍሉ ውስጥ፣ ከዚያ እስከ በረንዳው። ምሳ አልጋ ላይ አይቅረብላቸው፤ ሰው ደግፏቸው ማዕድ ላይ ይቅረቡ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ቀኑን ወስናችሁ፣ ከወንበር ስንት ጊዜ ተነሥተው መቀመጥ እንደቻሉ ቁጠሩና ደብተር ላይ ጻፉ። ከጎረቤት ሽማግሌ ጋር አታወዳድሯቸው፤ ካለፈው ሳምንት ከራሳቸው ጋር ብቻ። አልትራሳውንዱ የሚሠራውም ይህንኑ ነው፤ የእናንተው ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል። ሁለት የነበረው ሦስት ሲሆን ለራሳቸውም አሳዩአቸው። ደስታቸውን ታያላችሁ።

ምግብ ላይ ልማዳችንን ትንሽ እናርም። በብዙ ቤት መረቁ ለታማሚ፣ ሥጋው ለአስታማሚ ነው! መረቅ ጥሩ ነው፣ ይሞቃል፣ ይዋጣል፤ ጡንቻ የሚሠራው ፕሮቲን ግን በአብዛኛው ሥጋው ውስጥ ቀርቷል። ሥጋውን አድቅቃችሁ እዚያው መረቅ ውስጥ ጨምሩላቸው። እንቁላል፣ ወተት፣ እርጎ፣ ዓሣ ጥሩ ናቸው። ታማሚ ከጾም ነፃ እንደሚሆን የንስሐ አባት ይነግሯቸዋል፤ «አልገድፍም» ካሉ ደግሞ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ኦቾሎኒ በርከት አድርጉላቸው። በቀን ሁለቴ ብዙ ከማቅረብ አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ኩላሊታቸው የተጎዳ ከሆነ ግን ፕሮቲኑን ምን ያህል እንደሚበሉ ሐኪማቸው ይወስን።

ሁሉንም ድካም በጡንቻ አታመካኙ። በአንድ ጎን ብቻ የመጣ ድካም ወይም የአፍ መጣመም፣ አንዱ እግር ብቻ አብጦ ማመሙ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ አዲስ ትኩሳት፣ ድንገተኛ የአእምሮ መቃወስ ካያችሁ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሆስፒታል ውሰዷቸው።

ቤታችሁ በዚህ ወቅት እያስታመመ ያለ ሁሉ እግዚአብሔር ብርታቱን ይስጣችሁ፣ ታማሚውንም ይማርላችሁ። በአስታማሚነት ያያችሁትንና የረዳችሁን ነገር ብትጽፉልኝ ለሌሎች አካፍላለሁ። በሚቀጥለው ሳምንት አልጋ ላይ የዋለ ሰው ጀርባው እንዳይቆስል በየስንት ሰዓቱና እንዴት እንደምናገላብጠው እናያለን።

ሰላም ሰንብቱ።